አውሮፕላን ላይ የተጫነው ሃርድ ዲስክ ለምን ያን ያህል ገዘፈ?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። በ1956 አንድ ግዙፍ ሳጥን በፎርክሊፍት አውሮፕላን ላይ ሲጫን የሚያሳይ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሥሩ ‹5 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ክብደቱ አንድ ቶን› ይላል። እውነት ነው? 5 ሜጋባይት እኮ አንድ ዘፈን ነው። ለዚህ ያን ያህል ብረት ለምን አስፈለገ? እስካሁን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው መጀመሪያ ፍሎፒ መጣ፣ ከዚያ ተሻሽሎ ሃርድ ዲስክ ሆነ እያልኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ዊንቸስተር የሚባለውም የጠመንጃ ፋብሪካው ስለሠራው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ስቶር ውስጥ ከአሮጌ ኮምፒውተሮች የወጡ ዲስኮች አሉን። አንዳንዶቹ ላይ የድሮ የተማሪዎች ውጤት ሳይኖር አይቀርም። አንዱን ከፍቼ እየዞረ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ፎቶው እውነተኛ ነው። ሳጥኑ የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም የሠራው አይቢኤም 350 የሚባል የዲስክ ማከማቻ ነው። ራማክ 305 ከሚባለው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ለሕዝብ ያስተዋወቀው በሴፕቴምበር 1956 ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ52 ሳንቲም ገደማ ነበር። ክብደቱም አንድ ቶን ገደማ ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

5 ሜጋባይት የሚለው ግን መታረም አለበት። ማሽኑ ይይዝ የነበረው 5 ሚሊዮን ፊደልና ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል 6 ቢት ነበር፤ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም አንድ 1 ነው። ዛሬ ባይት ስንል 8 ቢት ማለታችን ነው። በዚህ ሲሰላ ሳጥኑ 3.75 ሜጋባይት ይይዛል። 8 ቢት የሆነው ባይት የተለመደው አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ካስተዋወቀ በኋላ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ከቁጥሩ ይልቅ ፎቶው በሚያጭረው ሐሳብ ላይ ነው። ሰው ያን ሳጥን ሲያይ «ያኔ ቴክኖሎጂው ኋላ ቀር ስለነበር ትንሽ ነገር ለመያዝ ትልቅ ብረት ያስፈልግ ነበር» ይላል። ይህ አያስኬድም። በዚያው ዘመን አይቢኤም 727 የሚባል የቴፕ ማሽን ነበረው። አንድ ጥቅል ቴፕ 2,400 ጫማ ይረዝማል። በእያንዳንዱ ኢንች ላይ 200 ፊደል ይጻፋል። በመሃል የሚተዉትን ባዶ ክፍተቶች ካልቆጠርን አንዱ ጥቅል ከ5.7 ሚሊዮን ፊደል በላይ ይይዛል ማለት ነው። ልብ ይበሉ፤ በእጅ የሚያዝ አንድ ጥቅል ቴፕ ከዚያ ቶን ከሚመዝን ሳጥን ጋር የሚስተካከል መረጃ ይይዝ ነበር። ዋጋውም የሚወዳደር አይደለም። ራማክ 305 በወር 3,200 ዶላር የሚከራይ ሥርዓት ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ገንዘቡን አወጣ?

ካሴት ያዳመጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አራተኛውን ዘፈን ለመስማት የፊተኞቹን ሦስት ማጠንጠን ግድ ነው። ሸክላ ላይ ግን መርፌውን አንስተው የፈለጉት ዘፈን ላይ ያሳርፉታል። ዲስክ የተፈለገው ለዚህ ነው። ብዙ ለመያዝ ሳይሆን፣ ከያዘው ውስጥ የተፈለገውን ቶሎ ለማግኘት። እዚህ ላይ ተማሪዎችዎ እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር ይጨምሩላቸው። የሸክላ መስመር ከዳር እስከ መሃል የሚጠቀለል አንድ ረጅም መስመር ነው። የኮምፒውተር ዲስክ መስመሮች ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተዘጉ ክቦች ናቸው። ትራክ የምንላቸው እነሱን ነው።

ከዲስክ በፊት የአንድ ትልቅ መጋዘን ሂሳብ እንዴት ይሠራ እንደነበር ካላወቅን የራማክ ጥቅም አይታየንም። መረጃው የተበሳ ካርድ ላይ ነበር። ካርዶቹ በትልልቅ ሳጥኖች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሠራተኞች የሚፈለገውን ካርድ በእጃቸው እየለቀሙ ወደ ማሽኑ ያመጣሉ፤ ከዚያ መልሰው ቦታው ያስገባሉ። ቴፕ ያላቸው ድርጅቶችም ቢሆኑ የቀኑን ወጪና ገቢ ሰብስበው፣ በቁጥር ቅደም ተከተል አስተካክለው፣ ቴፑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስኬዱታል። «ከዚህ ዕቃ አሁን ስንት ቀርቷል?» ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ የሚሰጠው መልስ የትናንቱ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይልም የመለዋወጫ መጋዘኖቹን በዚህ ዓይነት ማስተዳደር ቸግሮት ነበር። ለዲስኩ ሥራ መነሻ ከሆኑት ፍላጎቶች አንዱ የእሱ ነው።

አይቢኤም 350 እያንዳንዳቸው 100 ፊደል ያላቸው 50,000 መዝገቦች ይይዝ ነበር። ከእነሱ የትኛውንም በአማካይ በ0.6 ሰከንድ ያመጣዋል። ዛሬ 0.6 ሰከንድ ዘገምተኛ ይመስላል። በሰው እጅ ካርድ ይለቀም በነበረበት ዘመን ግን የሥራውን ባሕርይ የለወጠ ፍጥነት ነው። ሽያጩ ሲካሄድ መዝገቡ እዚያው ይስተካከላል፤ ማታን መጠበቅ የለም። ባንክ ቤት ሂሳብዎን ጠይቀው ገንዘብ ተቀባዩ ወዲያው ሲነግርዎ፣ ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ማሽኖች ተሠርተዋል፤ ምርቱ የቆመው በ1961 ነው።

ሥራውን ስለመራው ሰው ትንሽ ልንገርዎ። መምህር ስለሆኑ ደስ ይልዎታል ብዬ አምናለሁ። ስሙ ሬይኖልድ ጆንሰን ነው። በሚሺጋን ግዛት የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነበር። ተማሪዎች በእርሳስ ያጠቆሩትን መልስ በኤሌክትሪክ እያነበበ ፈተና የሚያርም ማሽን ፈለሰፈ። የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዘዴው በዚህ ላይ የቆመ ነው። አይቢኤም በ1934 ቀጠረው። ብሔራዊ ፈተና ላይ ክቧን በእርሳስ ሲያጠቁር የኖረ ተማሪ ሁሉ የዚህን ሐሳብ ዝርያ በእጁ ያውቀዋል፤ የአሁኖቹ ማሽኖች ግን በብርሃን ነው የሚያነቡት። በ1952 መጀመሪያ ኩባንያው ጆንሰንን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ ልኮ አዲስ ላቦራቶሪ እንዲያቋቁም አደረገ። ዲስኩ የተወለደው እዚያ ነው። እኔ ብሆን ትምህርቱን ስጀምር ይህን ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም።

ቡድኑ ብዙ አማራጭ ፈትሿል። ሽቦ፣ ዘንግ፣ የቴፕ ቁራጭ፣ ማግኔታዊ ከበሮ። ከበሮው ያኔ በሥራ ላይ ነበር። አይቢኤም 650 የተባለው ኮምፒውተር ዋና ማኅደረ ትውስታው ከበሮ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን መረጃው ያለው በውጪው ቆዳ ላይ ብቻ ነው። የከበሮው ሆድ ባዶ ቦታ ነው። ዲስኮችን እየደራረቡ ብትሠራ ግን ያው ቦታ እጅግ ብዙ ገጽታ ይሰጣል። ይህን ያሰበው አይቢኤም ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ጃኮብ ራቢኖው ከእነሱ ቀደም ብሎ የዲስክ ማከማቻ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስለዚህ «አንድ ሰው አንድ ቀን ፈለሰፈው» ብለው አያስተምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ለምን ገዘፈ?

የዲስክ ታሪክ በአንድ ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል። ያ ነገር በዲስኩና በአንባቢዋ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የምታነበውና የምትጽፈው ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ናት። በሙያችን ሄድ እንላታለን፤ እንደ ቴፕ ሪኮርደሯ ማለት ነው። የማግኔት ምልክት ከርቀት ጋር በጣም ቶሎ ይደክማል። ሄዷ ከገጽታው ራቅ ካለች የአንዱ ቢት ምልክት ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀልባታል። ያኔ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ቢቶቹን ትልልቅ ማድረግና ማራራቅ። ቢቶቹ ትልልቅ ከሆኑ ደግሞ ብዙ ገጽታ ያስፈልጋል። ግዝፈቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ለምን ታዲያ ሄዷን አላስጠጓትም? አስጠግተው ብትነካስ? በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ላይ የምትነካ ሄድ ቀለሙን ትልጠዋለች፤ ራሷም ታልቃለች። ዲስኮቹ ደግሞ ፍጹም ዝርግ አልነበሩም። ሲዞሩ ይወዛወዛሉ። የላያቸው ሽፋንም ብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ነው። በሴት የሐር ስቶኪንግ አጥልለው፣ በወረቀት ኩባያ በሚዞረው ዲስክ መሃል አካባቢ ያፈሱታል። ቀለሙ በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ዳር ይዘረጋል። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ለዚያ ጊዜ ግን እኩል ስስ የሆነ ሽፋን የሰጣቸው እሱ ነው።

እና ሄዷን በአየር አንሳፈፏት። ከውጭ ኮምፕረሰር ተገጠመ። የታመቀ አየር በሄዷ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ዲስኩ ይነፋል። አየሩ ሄዷን ከገጽታው 20 ማይክሮን ገደማ ያርቃታል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በዚህ ርቀት መጻፍ የተቻለው በአንድ ካሬ ኢንች 2,000 ቢት ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። 5 ሚሊዮን ፊደል ለመያዝ ስፋታቸው 61 ሳንቲ ሜትር የሆነ 50 ዲስኮች ያስፈልጋሉ። በእያንዳንዱ ገጽ 100 ትራክ፣ በእያንዳንዱ ትራክ 500 ፊደል። 100 ገጽ በ100 ትራክ በ500 ፊደል ሲባዛ 5 ሚሊዮን ይመጣል። ይህን ሰሌዳ ላይ አስሉላቸው። ከፎቶው ይልቅ ይህ ስሌት ያስተምራቸዋል።

ኮምፕረሰሩ ሌላም ችግር ይዞ መጣ። ለ100 ገጽ 100 ሄድ ቢደረግ ለሁሉም የሚበቃ አየር ማቅረብ አይቻልም። ስለዚህ በመላው ማሽኑ ላይ የነበሩት ሁለት ሄዶች ብቻ ናቸው። አንዷ ለዲስኩ የላይ ገጽ፣ ሌላዋ ለታችኛው። ሁለቱም በአንድ ክንድ ላይ ናቸው። ሌላ ዲስክ ሲፈለግ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይጓዛል፤ ከዚያ በሁለት ዲስኮች መካከል ይገባል። ያ 0.6 ሰከንድ በአብዛኛው የሚያልቀው በዚህ ጉዞ ነው።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ በ1961 መጣ። አይቢኤም 1301 ኮምፕረሰሩን አስወገደው። ሄዷን የያዘችው ቁራጭ ቅርጿ ተስተካክሎ፣ ዲስኩ ሲዞር እየጎተተ የሚያመጣው አየር ራሱ እንዲያነሳት ሆነ። ክፍተቱ ወደ 6 ማይክሮን ወረደ። የውጭ አየር ስለማያስፈልግ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ሄድ መስጠት ተቻለ። ሄዶቹ ሁሉ በአንድ ማበጠሪያ መሰል ክንድ ላይ ሆነው አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ወደ ላይና ወደ ታች መጓዝ ቀረ። ክንዱ አንድ ቦታ ሲቆም በየገጹ ተመሳሳይ ቦታ ያሉት ትራኮች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ጉዞ ይነበባሉ። ሲሊንደር የሚባለው ይህ ነው። በድሮ ኮምፒውተሮች የባዮስ ገጽ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ) ላይ ሲሊንደር፣ ሄድ፣ ሴክተር እያልን በእጅ እንሞላው የነበረው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። አንዱ የ1301 ክፍል 28 ሚሊዮን ፊደል ይይዝ ነበር። የቢት እፍግታውም በካሬ ኢንች ወደ 26,000 አደገ። የአሜሪካን ኤርላይንስ ሴበር የተባለው የቲኬት መመዝገቢያ ሥርዓት ከጀርባው እነዚህ ዲስኮች ነበሩ።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት ላርም። ብዙ ሰው፣ ቴክኒሽያን ጭምር፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አየር የለም ይላል። ተቃራኒው ነው። አየር ከሌለ ሄዷ ትወድቃለች። ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ማጣሪያ ያለው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ይህን ቀዳዳ አይሸፍኑ» የሚል ጽሑፍ ከጎኑ ያገኛሉ። የአየሩ መሳሳትም ለውጥ ያመጣል። አብዛኞቹ አምራቾች ዲስኩ በሥራ ላይ እያለ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ድረስ ነው ዋስትና የሚሰጡት። አዲስ አበባ ገደቡ ውስጥ ናት። ከዚያ በላይ ባሉ ደጋ ቦታዎች የሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግን ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለውን ኤስኤስዲ ቢጠቀም ይሻለዋል። ከ2013 ወዲህ የመጡት በሂሊየም የተሞሉና ሙሉ በሙሉ የታሸጉ ዲስኮች ለየት ይላሉ፤ እነሱ መተንፈሻ የላቸውም።

በ1962 አይቢኤም 1311 ወጣ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚያህል ነው። አዲስ ነገሩ ዲስኮቹ ተነቅለው መውጣታቸው ነው። ስድስት ዲስኮች በአንድ ላይ ተይዘው 4.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ 2 ሚሊዮን ፊደል ይይዛሉ። የሂሳብ ክፍሉ የራሱን፣ የሽያጭ ክፍሉ የራሱን ጥቅል ሼልፍ ላይ ያስቀምጣል። ገበያው ወደደው።

ተነቃይነቱ ግን አቧራ አስገባ። በዚያ ላይ አንድ አደገኛ ልማድ አመጣ። አንድ ማሽን ላይ ሄዷ ዲስኩን ትመታለች። ኦፕሬተሩ «ምናልባት ማሽኑ ይሆናል የተበላሸው» ብሎ ያንኑ ጥቅል ሌላ ማሽን ላይ ይጭነዋል። የተቧጨረው ዲስክ የሁለተኛውን ማሽን ሄዶች ይበላል። ቀጥሎ እዚያ ማሽን ላይ ጤነኛ ጥቅል ሲጫን እሱም ይበላሻል። ይህን የምነግርዎ ታሪክ ብቻ ስለሆነ አይደለም። ኤክስተርናል ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ሲልበት ከላፕቶፕ ላፕቶፕ እየቀያየረ የሚሞክር ሰው ዛሬም በየቀኑ አለ። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር ራሱን ሊፍቅ ይችላል። መፍትሔው ነቅሎ ለመረጃ መልሶ ማግኛ ባለሙያ መስጠት ነው።

የዊንቸስተር ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። በ1973 አይቢኤም 3340 የተባለውን ዲስክ አስተዋወቀ። ሥራውን የመራው ኬን ሆውተን ነው። መጀመሪያ የታሰበው 30 ሜጋባይት ቋሚ፣ 30 ሜጋባይት ተነቃይ እንዲሆን ነበር። ቡድኑ 30-30 እያለ ይጠራዋል። 30-30 ደግሞ የታወቀ የዊንቸስተር ጠመንጃ ጥይት ስም ነው። ሆውተን ከዚህ ተነስቶ ዊንቸስተር አለው፤ ስሙ ቀረ። የጠመንጃ ፋብሪካው እጁ የለበትም። ለሽያጭ የቀረበውም በመጨረሻ 35 እና 70 ሜጋባይት የሚይዝ ነበር። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ አንጋፋ ኢንጂነሮቻችን ሃርድ ዲስክን «ቪንቸስተር» ሲሉ ከሰሙ፣ ሩሲያኛው ይህን ስም አጥብቆ ስለያዘው ነው።

ዋናው ግን ዲዛይኑ ነው። እስከዚያ ድረስ ዲስክ ሲነቀል ሄዶቹ ማሽኑ ውስጥ ይቀራሉ። 3340 ላይ ሄዶቹም ክንዱም ከዲስኮቹ ጋር አንድ ላይ ታሸጉ። እያንዳንዷ ሄድ የምታነበው ሁልጊዜ ራሷ የጻፈችውን ነው። አቧራ መግቢያ የለውም። ሁለተኛው ለውጥ ይበልጥ ደፋር ነው። የሄዷ ክብደት በጣም ቀነሰ፤ ዲስኩ ላይም ስስ ቅባት ተቀባ። ማሽኑ ሲጠፋ ሄዷ እዚያው ዲስኩ ላይ ታርፋለች፤ ሲነሳ ከዚያው ትነሳለች። ለ17 ዓመት «እንዳትነካ» ሲባልላት የኖረችው ሄድ እንድትነካ ተፈቀደላት። ክፍተቱ ከግማሽ ማይክሮን በታች ወረደ። እፍግታው በካሬ ኢንች 1.7 ሚሊዮን ቢት ገደማ ደረሰ። ከራማክ ጋር ሲነጻጸር ከ800 እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ስቶርዎ ውስጥ ያሉት ዲስኮች የዚህ ዲዛይን ልጆች ናቸው።

ስለ ፍሎፒ ለተማሪዎችዎ የሚነግሩትን እባክዎ ያስተካክሉ። ፍሎፒ የሃርድ ዲስክ አባት አይደለም። በ15 ዓመት ታናሹ ነው። ለሽያጭ የቀረበው በ1971 ሲሆን፣ 8 ኢንች ስፋት ነበረው፤ 80 ኪሎባይት ብቻ ይይዝ ነበር። ተጠቃሚው የሚጽፍበትም አልነበረም። አይቢኤም የሠራው ለትልልቅ ማሽኖቹ የውስጥ ትዕዛዝ ለመጫንና በቀላሉ በፖስታ ለመላክ ነው። የአሠራር መርሑም ይለያል። ፍሎፒ ላይ ሄዷ በቀጥታ ትነካለች። ስለዚህ ቀስ ብሎ መዞር አለበት፤ በጊዜ ብዛትም ያልቃል። በ1976 ሹጋርት አሶሺየትስ 5.25 ኢንቹን አመጣ። በ1981 ሶኒ 3.5 ኢንቹን አስከተለ። እኛ በብዛት የምናውቀው ይህን የመጨረሻውን ነው። እኛ ዘንድ ፍሎፒ ቀድሞ ስለደረሰ ቀድሞ የተፈለሰፈ ይመስለናል፤ ስህተቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አለን ሹጋርት የሚለውን ስም ይያዙት። አይቢኤም ውስጥ ሠርቷል፤ በ1969 ሜሞሬክስ ወደሚባል ኩባንያ ሄደ፤ በ1973 ሹጋርት አሶሺየትስን፣ በ1979 ደግሞ ዛሬ ሲጌት የምንለውን ኩባንያ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ሲጌት በ1980 ኤስቲ 506 የተባለውን 5.25 ኢንች ሃርድ ዲስክ አወጣ። አቅሙ 5 ሜጋባይት፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ነበር። እንግዲህ ከፎቶው 24 ዓመት በኋላ ከዚያ ሳጥን የበለጠ የሚይዝ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በ1983 የአይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ ከ10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ጋር መጣ። ኤ እና ቢ የሚባሉት ፊደሎች በፍሎፒዎች ተይዘው ስለነበር ሃርድ ዲስኩ ሲ ሆነ። ተማሪዎችዎ «ለምን ከሲ ይጀምራል?» ብለው እንደሚጠይቁዎት እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ስቶር ውስጥ ስላሉት ዲስኮች። የተማሪዎች ውጤት ሊኖርበት የሚችል ዲስክ በምንም ምክንያት አይክፈቱ። መጀመሪያ ሁሉንም አንድ በአንድ በዩኤስቢ መቀየሪያ ሰክተው ያለውን ይቅዱ። የድሮዎቹ ሰፊና ጠፍጣፋ ኬብል ያላቸው አይዲኢ ናቸው፤ መቀየሪያው ለአይዲኢም፣ ቀጭን ኬብል ላላቸው ለአዲሶቹ (ሳታ)ም የሚሆን መሆኑን አይተው ይግዙ። አንድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ካለ ወዲያው ያጥፉት፤ እሱን ለብቻው ምልክት አድርገው ያስቀምጡ። የተቀዳውን ሁለት ቦታ ያኑሩ። የሰው ውጤት የግል መረጃ ስለሆነ የሚመለከተው ኃላፊ እጅ ይግባ።

ለማሳያ ከዴስክቶፕ የወጣ፣ ባለ 3.5 ኢንች፣ መረጃ የሌለበትን ይምረጡ። የላፕቶፕ ዲስክ አይክፈቱ። የእሱ ዲስክ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፤ ሲጣመም እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። አንዳንድ የዴስክቶፕ ዲስኮችም መስታወት አላቸው፤ ስለዚህ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ለማጠፍም አይሞክሩ። ብሎኖቹ ባለ ኮከብ ጥርስ መፍቻ ይፈልጋሉ፤ አንዱ ብሎን ብዙ ጊዜ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ይደበቃል። ክንዱ ሥር ያሉት ማግኔቶች እጅግ ኃይለኛ ናቸው። ጣት ቆንጥጠው ያደማሉ። የባንክ ካርድም ያበላሻሉ። ለተማሪ በእጁ አይስጡ።

እየዞረ ላሳያቸው ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። የተከፈተ ዲስክ ለጥቂት ጊዜ መዞሩ አይቀርም፤ ግን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ብረት ልጆች በተከበቡበት ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ የሚገባው ነገር አይደለም። ትምህርቱም ቢሆን አይጠቀምም። በዚያ ፍጥነት ሲዞር ቆሞ ያለ ነው የሚመስለው። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ክንዱን በእጅዎ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱት። ሄዷ ከዳር ወደ መሃል ስትሄድ ይዩ። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሄድ መኖሩን ይቁጠሩ። ማበጠሪያ መሰሉ ክንድ ከ1961 የመጣ፣ እሽጉ ደግሞ ከ1973 የመጣ መሆኑን እዚያው እያሳዩ ይንገሯቸው።

የትምህርቱን አካሄድ በተመለከተ ምክሬ ይህ ነው። ከሜጋባይት አይጀምሩ። ከሜጋባይት ከጀመሩ ተማሪው ስቆ ያልፋል። መጀመሪያ የካርዱንና የቴፑን ችግር ያስረዱ፤ ከዚያ የ5 ሚሊዮኑን ስሌት ያሠሯቸው። ቀጥሎ ክፍተቱን ብቻ ይከተሉ፤ 20 ማይክሮን፣ 6 ማይክሮን፣ ከግማሽ ማይክሮን በታች፣ ዛሬ ጥቂት ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የማይክሮን አንድ ሺህኛ ነው)። እያንዳንዱ ቁጥር ሲቀንስ ማሽኑ ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ፎቶውን መጨረሻ ላይ ያሳዩ። ያኔ ሳጥኑ ለምን ያን ያህል እንደገዘፈ የሚያብራሩልዎ ተማሪዎቹ ይሆናሉ።